ደውሎ የማይጠይቅህ አንባቢ

ኮድህ ይሠራል። ተፈትሿል። አለቃህ ተደስቷል። ታዲያ የኤአይ ኤጀንቱ ሲጠቀምበት ለምን ይሳሳታል?

ልንገርህ። አንተ የምታውቀውን እሱ ስለማያውቅ ነው። አልጻፍክለትማ!

አትከፋ። ይሄ እኮ የምሥራች ነው። የችሎታ ማነስ ቢሆን ኖሮ ዓመታት በፈጀብህ ነበር። ይሄ ግን የልማድ ጉዳይ ነው። ልማድ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይጀመራል።

ዝግጁ ነህ? አንቺስ? እንግባበት።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዶክመንቴሽን የሚያነበው ሰው ነበር። ሰው ደግሞ ይቅር ባይ አንባቢ ነው። ግማሹን ያነባል፣ ግማሹን ይገምታል፣ ያልገባውን ጎኑ የተቀመጠውን ይጠይቃል። በቴሌግራም ይጽፍልሃል። አንተም «እሱን ፊልድ ተወው፣ አይሠራም» ትለዋለህ። አለቀ። ያቺ ምክርህ ግን የትም አልተጻፈችም። ቻት ውስጥ ቀርታለች።

አሁን አንባቢው ተቀይሯል። በፈረንጆቹ ጁን 2023 ኦፕንኤአይ ሞዴሎቹ የውጭ ፈንክሽኖችን እንዲጠሩ የሚያስችል አሠራር በኤፒአዩ ላይ አወጣ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ አንትሮፒክ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን፣ በአጭሩ ኤምሲፒ የሚሉትን፣ ለሁሉም ክፍት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ኤጀንት ከዳታቤዝህ፣ ከክፍያ ሲስተምህ፣ ከቀጠሮ መዝገብህ ጋር ራሱ ይነጋገራል።

የሚነጋገረው በቱል ነው፤ ማለትም እንዲጠራው በሠራህለት ፈንክሽን። ሲነጋገር ምን ያያል? የቱሉን ስም ያያል። ገለጻውን ያያል። ቱሉ የሚቀበላቸውን ግብዓቶች ከነዓይነታቸው ያያል።

በቃ። ከቱሉ ጀርባ ያለውን ኮድ አያይም። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ያላችሁትን አልሰማም። የአንተን ጭንቅላት ማንበብ አይችልም።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱ ሲጠራህ ሙሉ አድራሻ የሚሰጥህ ስንቱ ነው? «መድኃኔዓለም ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» ነው የሚልህ። ትደርሳለህ። ትደውላለህ። «አስፋልቱን ተሻገር፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ ሰማያዊው በር» ትባላለህ። እኛ እንዲህ ለምደን ኮዳችንንም እንዲሁ እንጽፋለን። ኤጀንቱ ግን ደርሶ አይደውልም። በተሰጠው ምልክት ይሄዳል፤ ቢሳሳትም ሳያመነታ ያንኳኳል። የሌላ ሰው በር!

ስለዚህ ውሳኔው አንድ ነው። ደውሎ ለማይጠይቅህ አንባቢ ጻፍ።

«ኤጀንቱ ደደብ ነው» እያልክ ስንት ጊዜ ተበሳጨህ? እስቲ ተው። ራሳቸው ሞዴሉን የሚሠሩት ሰዎች ምን እንዳደረጉ ስማ። አንትሮፒክ በዲሴምበር 2024 ባወጣው ጽሑፍ ላይ አንድ ገጠመኝ ተርኳል። የሶፍትዌር ችግር የሚፈታ ኤጀንት ሲሠሩ ከዋናው ፕሮምፕት ይልቅ ብዙ ጊዜ የፈጀባቸው ቱሎቹን ማስተካከል ነበር። ኤጀንቱ ከፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ከወጣ በኋላ ፋይል ሲጠራ ይሳሳታል። ለምን? የፋይሉን አድራሻ ከቆመበት ቦታ አንጻር ስለሚጽፍ ነው። ቦታው ሲቀየር አድራሻው ይበላሻል።

ሞዴሉን አልተቆጡትም። ቱሉን ቀየሩት፤ ሁልጊዜ ሙሉውን የፋይል አድራሻ ብቻ እንዲቀበል አደረጉ። ስሕተቱ ጠፋ።

አየህ? አሠሪው ሲስተካከል ሠራተኛው ተስተካከለ። አንተም ጣትህን ከመቀሰርህ በፊት ገለጻህን ክፈት።

አሁን ወደ እኛው ሰፈር ልውሰድህ። አንድ ክሊኒክ አለ እንበል። በስልክ አማርኛ የሚያወራ ኤጀንት ቀጠሮ ይይዝለታል። አንተ ደግሞ ቱሉን ሠራህ። ስሙ «ቀጠሮ»። ገለጻው «ቀጠሮ ያስይዛል»። ግብዓቶቹ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ስልክ። ንጹሕ ይመስላል አይደል?

አንዲት እናት ትደውላለች። «የኔ ልጅ፣ ለነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያዝልኝ» ትላለች። ኤጀንቱ 03:00 ብሎ ይመዘግባል። ሲስተምህ የሚሠራው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ስለዚህ እናታችን የተቀጠሩት በእኛ አባባል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው! ጠዋት ካርድ ክፍል ሲደርሱ ተራቸው አልፏል።

ማን ተሳሳተ? እሳቸው አልተሳሳቱም። በቋንቋቸው ነው የተናገሩት። ያሳሳተችው «ሰዓት» ብለህ ብቻ የተውካት ያቺ ቃል ናት።

ቀኑ ደግሞ ይብሳል። ደንበኛው «ለመስከረም 1 2018» አለ። ኤጀንቱ 2018-01-01 ብሎ ላከ። ሲስተምህ ይህን ሲያነብ ምን ያያል? የፈረንጆቹን ጃንዋሪ 1፣ ያውም ከብዙ ዓመታት በፊት የነበረውን። ትክክለኛው 2025-09-11 ነበር። ሁለቱም በመልክ ትክክለኛ ቀን ናቸው፤ ሲስተሙ ምንም ሳይል ይቀበላል። ጳጉሜን እንኳ ደግ ናት። ኤጀንቱ 13ኛ ወር ብሎ ቢልክ ሲስተሙ ይጮኻል፣ ስሕተቱ ይታወቃል። መስከረም ግን ድምፅ ሳያሰማ ያሳስታል። የሚጮኸውን ስሕተት አትፍራ። ዝም የሚለውን ፍራ!

ስምስ? «የቤተሰብ ስም» የሚል ፊልድ ከውጭ አገር ቴምፕሌት ቀድተህ ካስገባህ ኤጀንቱ ምን ይሙላበት? የአባት? የአያት? አንዱ ቀን አባት፣ ሌላው ቀን አያት ይሞላል። ከዚያ አንድ ሰው ሁለት ካርድ ይወጣለታል። «የአባት ስም» ብለህ ጻፈው። ፀሐይን አንዱ በፀሐዩ «ፀ»፣ ሌላው በጸሎቱ «ጸ» እንደሚጽፍም አስብ። ፍለጋህ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል ወይስ አያደርግም? መልሱን ታውቀዋለህ። ገለጻው ላይ አለ?

ስልኩን በአጭሩ ልለፈው። በ09 የሚጀምር አለ፣ በ07 የሚጀምር አለ፣ በ+251 የሚጽፍ አለ። አንዱን ምረጥና ወስን፦ በ+251 ይጀምራል፣ ፊት ያለው 0 ይቀራል፣ 9 አሃዝ ይከተላል።

ገንዘብ ላይ ግን ቆም በል። 500 ማለት 500 ብር ነው ወይስ 500 ሳንቲም? አትሳቅ። እንደ ስትራይፕ ያሉ የክፍያ ኤፒአዮች የገንዘቡን መጠን የሚቀበሉት በትንሹ መለኪያ ነው፤ በዶላር ሲሆን በሳንቲም ማለት ነው። ያንን የለመደ ኤጀንት አንተ ጋ ሲመጣ 500 ብሩን 50000 ብሎ ሊልክልህ ይችላል። አሃድ አለመጻፍ ስንት እንደሚያስከፍል ናሳን ጠይቅ። በሴፕቴምበር 1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኩራኩር የጠፋችው አንዱ ወገን በእንግሊዞቹ መለኪያ ያወጣውን ቁጥር ሌላው ወገን የሜትሪክ ነው ብሎ ስላነበበው ነበር። ያ ሁሉ ሊቅ ተሰብስቦ! ቁጥር ካለ አሃዱ አብሮት ይጻፍ። ሁልጊዜ።

እንግዲህ ያችን «ቀጠሮ ያስይዛል» እንደገና እንጻፋት። ስሙ «አዲስ ቀጠሮ መዝግብ» ይሁን። ገለጻው እንዲህ ይሁን፦

«በክሊኒኩ አዲስ ቀጠሮ ይመዘግባል። የተያዘን ቀጠሮ ለመቀየር አይሆንም፤ ለዚያ ‹ቀጠሮ ቀይር› የሚለውን ተጠቀም። ቀን፦ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን፣ ለምሳሌ 2025-09-11። ሰዓት፦ በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በአዲስ አበባ ሰዓት፤ ደንበኛው ጠዋት 3 ሰዓት ካለ 09:00 ብለህ ጻፍ። በየትኛው አቆጣጠር እንደተናገረ ካልለየህ ከመመዝገብህ በፊት ጠይቀው። ሲሳካ የቀጠሮ ቁጥር ይመልሳል።»

ስንት ደቂቃ ፈጀብህ? አንድ ማኪያቶ እስኪቀዘቅዝ አይወስድም። የስንት እናቶችን ጠዋት አዳንክ?

ልብ በል፣ እዚያ ውስጥ የተራቀቀ ነገር የለም። መቼ ተጠቀም። መቼ አትጠቀም። ምን በምን መልክ ላክ። ምን ይመለስልሃል። ከሁሉ ይልቅ ሰዎች የሚረሱት «መቼ አትጠቀም» የሚለውን ነው። የሚመሳሰሉ ሁለት ቱሎች ካሉህ ኤጀንቱ የሚምታታው እዚያ ላይ ነው። «ደንበኛ ፈልግ» እና «ደንበኛ አምጣ» ብለህ ጎን ለጎን ካስቀመጥካቸው ልዩነቱን አንተ ራስህ ከሦስት ወር በኋላ ታስታውሳለህ? እውነቱን ተናገር!

«ገለጻውን በአማርኛ ልጻፍ በእንግሊዝኛ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ይነሣል። የኔ አቋም ይኸው። አንድ የፊደል ገበታችን ሆሄ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። አብዛኞቹ ሞዴሎችም የአማርኛን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው በበለጠ ብዙ ቶክን ይቆራርጡታል። ቱሎችህ ብዙ ከሆኑ እንግሊዝኛው ወጪ ይቆጥባል። ግን በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ሐሳብህ የሚሸራረፍ ከሆነ በአማርኛ ጻፈው። ውድ ሆኖ ትክክል መሆን ረክሶ ከመሳሳት ይሻላል። ምሳሌዎቹን ግን በምንም ቋንቋ ብትጽፍ እኛው እንደምንናገረው አድርጋቸው። «ከነገ ወዲያ ከምሳ በኋላ» ይበል። ደንበኛህ እንደዚያ ነዋ የሚያወራው።

የኢረር መልእክትህንስ አይተኸዋል?

«ኢረር 400።» ይሄ ምን ማለት ነው? ለኤጀንቱ የተዘጋ በር ነው። ያንኑ ስሕተት መልሶ ይልካል። ደግሞም ይልካል። በምትኩ «ቀኑ አልፏል፤ የላክኸው 2018-01-01 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ወደ ፈረንጆች ቀይረህ እንደገና ላክ» ብትለው? በዚያው ቅጽበት አርሞ ይመለሳል። የኢረር መልእክትም ዶክመንቴሽን ነው። ያውም በተፈለገበት ሰዓት የሚነበብ!

አንድ ነገር ጠበቅ ላድርግ። ኔትወርክ ይቆራረጣል። ይሄን ለአንተ አልነግርህም። ኤጀንቱ ገንዘብ አስተላልፎ መልሱ ሳይደርሰው ቢቀር ምን ያደርጋል? እንደገና ይሞክራል። ቱሉ ሁለቴ ሲጠራ ሁለቴ ይከፍላል ወይስ አንዴ? ጻፈው። የሚያጠፋ ነገር ካለ ጻፈው። የማይመለስ ከሆነ ጻፈው። በማርች 2025 የወጣው የኤምሲፒ ስሪት «ይሄ ቱል ያነባል እንጂ አይቀይርም»፣ «ይሄ ያጠፋል»፣ «ይሄ ቢደጋገም ለውጥ የለውም» ብለህ ምልክት የምታደርግበት ቦታ ሰጥቶሃል። ተጠቀምበት። ግን እሱም ጥቆማ ነው፤ አይከለክልም። መጥፋት የሌለበትን ነገር በኮድ ከልክለው። «እባክህ አታጥፋ» ብሎ ጽፎ መተኛት ስንፍና ነው።

አሁን ሰበቦችህን አምጣቸው። አውቃቸዋለሁ።

«ጊዜ የለኝም።» የተሳሳተ ቀጠሮ ለማረም፣ ደንበኛ ይቅርታ ለመጠየቅ፣ ሌሊት ሎግ ለማገላበጥ ግን ጊዜ አገኘህ!

«ገና ጁኒየር ነኝ።» እሰይ! ሲኒየሩ ከለመደው ቆይቷል፤ ግራ የሚያጋባው ነገር አይታየውም። አንተ ትናንት ነው ግራ የገባህ። ያ ግራ መጋባትህ ሀብት ነው። ሳይጠፋብህ ጻፈው።

«ኤአዩ ራሱ ይጻፈው።» ይጻፍ፣ ማን ከለከለው። ግን እሱ የሚጽፈው ኮዱ ውስጥ ያለውን ነው። እሁድ ላብራቶሪው እንደማይሠራ፣ አንድ ፊልድ ከድሮው ሲስተም በይሉኝታ እንደቀረ፣ ያ ቁጥር ለምን ከ30 እንደማይበልጥ ኮዱ አይናገርም። ያን የምታውቀው አንተ ነህ። ረቂቁን እሱ ይጻፍ። «ለምን» የሚለውን አንተ ጨምር።

«ዶክመንቴሽን የትልቅ ፕሮግራመር ሥራ አይደለም።» እንዴት? ዩኒክስን የሠሩት ኬን ቶምፕሰን እና ዴኒስ ሪቺ አይበቁህም? የመጀመሪያው የዩኒክስ ማኑዋል ኖቬምበር 3፣ 1971 የሚል ቀን አለበት። እያንዳንዱ ትእዛዝ ስሙ፣ አጠቃቀሙ፣ ገለጻው ተራ በተራ ተቀምጧል። በጣም የምወደው ግን ሌላ ነው። ለጉድለቶቹ ራሱን የቻለ ርዕስ ነበረው። የሠሩት ነገር የት ላይ እንደማይሠራ ራሳቸው ጻፉት! እንዲህ ያለ ልበ ሙሉነት አለህ? «ይሄ ቱል ከ1000 መዝገብ በላይ ሲጠየቅ ቀሪውን ይቆርጣል» ብለህ ለመጻፍ አታፍርም? አትፈር። ኤጀንቱ ይሄን ካላወቀ የተቆረጠውን ዝርዝር ሙሉ ነው ብሎ ለአለቃህ ሪፖርት ያቀርብለታል።

እሺ፣ ልማዱን እንዴት ትጀምረዋለህ?

አዲስ ሴሽን ክፈት። ባዶ። ምንም ያልሰማ ኤጀንት። ቱሎቹን ብቻ ስጠው። ከዚያ እውነተኛ ሥራ እዘዘው፤ ደንበኛህ በሚናገርበት አነጋገር። «ልጄን ዓርብ ማምጣት አልችልም፣ ወደ ሰኞ አዙርልኝ» በለው።

እጅህን ሰብስብ። ዝም ብለህ ተመልከት።

የትኛውን ቱል መረጠ? ምን ላከ? የት ላይ አመነታ? መሳሳት ሲጀምር «አይ፣ እንደዚያ ሳይሆን...» ብለህ ቻት ላይ ልትጽፍለት እጅህ ይበላሃል። ያችን ዓረፍተ ነገር ያዛት! የጎደለችው የዶክመንቴሽን መስመር እሷው ናት። ቻት ላይ ከጻፍካት ለአንድ ቀን ትጠቅማለች። ገለጻው ውስጥ ካስገባሃት ለሚመጣው ኤጀንት ሁሉ ትሠራለች። ስለዚህ ቁረጣት፣ ገለጻው ላይ ለጥፋት፣ እንደገና በባዶ ሴሽን ሞክር።

ልምምዱ ይሄው ነው። ባረምክ ቁጥር ጻፍ።

አንትሮፒኮች ራሳቸው ክሎድ በተባለው ሞዴላቸው ላይ ዌብ የሚፈልግበትን ቱል የጨመሩለት ጊዜ ኤጀንቱ ሳይጠየቅ የፍለጋ ቃሉ ላይ «2025» እየጨመረ ውጤቱን ያበላሽ እንደነበር ጽፈዋል። በምን አስተካከሉት? የቱሉን ገለጻ በማሻሻል። ሞዴሉን የሠራው ድርጅት በገለጻ ካስተካከለ አንተ ምን ይከለክልሃል?

ኮድ የሚጽፍ ኤጀንት ለሚጠቀም ቡድንም ነገሩ ያው ነው። ብዙዎች አሁን ፕሮጀክታቸው ሥር ኤጀንትስ ኤምዲ የሚባል ፋይል ያስቀምጣሉ። ፕሮጀክቱ በምን ትእዛዝ ይነሣል፣ ቴስቱ በምን ይሮጣል፣ የትኛው ፎልደር አይነካም። አጭር ይሁን። ልብ ወለድ አትጻፍበት። የጻፍከው ሁሉ ኤጀንቱ ሥራ በጀመረ ቁጥር የሚሸከመው ስለሆነ የማይጠቅም መስመር ባየህ ጊዜ ሰርዝ። ያረጀ መስመር ካልተጻፈ መስመር ይብሳል፤ ያልተጻፈውን ኤጀንቱ ከኮዱ ሊፈልገው ይችል ይሆናል፣ ያረጀውን ግን አምኖ ይሠራበታል። ኮዱን በምትቀይርበት ኮሚት ገለጻውንም ቀይር። ነገ አትበል። የ«ነገ» ዶክመንቴሽን ተጽፎ አይቶ የሚያውቅ አለ?

እንግዲህ ዛሬ ማታ ኮምፒውተርህን ከመዝጋትህ በፊት አንድ ቱል ምረጥ። የሚያምረውን ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚጠራውን። ገለጻውን ጮክ ብለህ አንብብ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይናገራል? ገንዘቡ በብር ነው በሳንቲም? ሁለቴ ቢጠራ ምን ይሆናል? አንዱን እንኳ የማይመልስ ከሆነ እዚያው ጻፈው፣ ኮሚት አድርገው፣ ቀጣዩን ክፈት።